እንደራሴያችን ማን ነው?

ርዕሰ አንቀጽ

«እንደራሴ» የሚለውን ቃል ቀስ ብሎ ለሚያነበው ሰው ትርጉሙ ከቃሉ ውስጥ ይገኛል፤ «እንደ ራሴ» ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ንጉሥ ወደ ሩቅ አገር የሚልከውን ወይም ከአልጋው አጠገብ የሚያስቀምጠውን ሰው እንደራሴ ብሎ ሲሾም፣ እርሱ የተናገረው እኔ እንደ ተናገርሁት ይቆጠር፣ እርሱ የፈረመው እኔ እንደ ፈረምሁት ይሁን ማለቱ ነበር። እንዲህ ያለውን ማዕርግ ንጉሥ ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። ትውልዱን ይጠይቃል፤ ጠባዩን ይመረምራል፤ በሰላምም በጦርነትም ይፈትነዋል። ኋላ ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሕዝብ መጣና «የሕዝብ እንደራሴ» ተባለ። ዛሬ በሕጉ ቋንቋ «የሕዝብ ተወካይ» እንለዋለን። ስሙ ቢለወጥም ነገሩ ያው ነው፤ ሿሚው ሕዝብ ነው፤ ተሿሚውም በሕዝብ ስም እጁን የሚያወጣው ሰው ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው። ንጉሡ እንደራሴውን ያውቅ የነበረውን ያህል እኛ እንደራሴያችንን እናውቀዋለን ወይ?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አራት ተማሪዎች ሆነን ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የቡና ቦታ በርጩማ ስበን ተቀምጠን ነበር። ከክፍል ይዘነው የወጣነው ክርክር ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ስለ ተደረገው ምርጫ ነበር። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ክርክራችንን ሲሰሙ ቆዩና «እኔ ያን ዕለት እስከ ማታ ተሰልፌ ነው የመረጥሁት» አሉን። ማንን እንደ መረጡ አልጠየቅናቸውም፤ እርሳቸው ግን ሳይደብቁ «አምፖሉን ነዋ!» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ቀበል አድርገው «እኔ ደግሞ ሚዛኑን» አሉ። ሁለቱም ሳቁ፤ እኛም ሳቅን።

ከመካከላችን አንዱ «እማማ፣ የተወዳዳሪውስ ስም ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዳቸውም አላስታወሱም። ቀጥለው የተናገሩት ግን ሳቃችንን አጠፋው። «እናንተ የተማራችሁት ናችሁ፤ እስቲ ንገሩን፤ የኛ የመካኒሳ ተወካይ ማን ነው? ምን ሲናገር ሰማችሁት?» አሉን። አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንገታችንን ደፍተን ቡናችንን ጠጣን።

ባለ ቡናዋ እናት በዚያ አላበቁም። «የዕድራችንን ዳኛ ጠይቁኝና ልንገራችሁ» አሉ። ማን እንደሆኑ፣ የት ሠርተው ጡረታ እንደ ወጡ፣ ልጆቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ፣ አንድ ጊዜ በገንዘብ ሒሳብ ተጠርጥረው ደብተሩን በጉባኤ ፊት ዘርግተው እንዴት ነጻ እንደ ወጡ አንድ ባንድ አወሩን። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ማን እንደሆነ፣ የድንኳኑና የድስቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ ጸሐፊው ስንት ጊዜ አርፍዶ እንደ ተቀጣ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ምርመራ የሚደረገው በዓመት ጥቂት ሺሕ ብር ለሚይዝና ሞታችንን ለሚቀብር ማኅበር ነው። ልጅ ለመዳርም የሚደረገው ምርመራ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ጠባይ ተጠይቆ ነው። ሕይወታችንን የሚገዛውን ሕግ ለሚያወጣው፣ የምንከፍለውን ግብር ለሚወስነው፣ የጦርነትን አዋጅ ለሚያጸድቀው ሰው ግን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳንጠይቅ ድምፃችንን እንሰጣለን። እኒያ እናት ሰው መምረጥ የማያውቁ አይደሉም። ሰውን ከነሙሉ ጠባዩ መምረጥን ከኛ ይልቅ ያውቁበታል። የጎደለው ዕውቀታቸው አይደለም፤ ተወዳዳሪው ወደ እርሳቸው የሚደርስበት መንገድ ነው።

ይህ መንገድ እንዴት እንደ ተዘጋ ለማየት ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይምረጡ ብሎ ደነገገ። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል። የመምረጥ መብት የተነፈገው «ሕዝቡ ሰው መለየት አልቻለም» በሚል ምክንያት ነበር፤ ይህም ምክንያት ሃያ ስድስት ዓመት አገለገለ። የመራጩ አለማወቅ መብቱን ለሚነጥቀው ሁሉ ምን ጊዜም የተዘጋጀ ሰበብ ነው።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ በ1950 ዓ.ም መጀመሪያ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ተወዳዳሪው የሚቀርበው በገዛ ስሙና በገዛ ሥራው ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ ለምክር ቤት የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው መታሰራቸውና በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት ልጃገረዶችን ማስተማራቸው የታወቀ ነበር። ከምልክታቸው በፊት ሥራቸው የሚታወቅ ተወዳዳሪ ነበሩ ማለት ነው።

ነገር ግን ያንን ዘመን አናሞግሰው። ሕጉ ተወዳዳሪው ባለ ንብረት እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ስለዚህ በገጠር ያለው ጭሰኛ ብዙ ጊዜ ተወዳዳሪውን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የሚያርሰው መሬት ጌታ ነውና! ማወቅ ብቻውን ነጻ አያወጣም። ሰውን ማወቅ የሚጠቅመው እምቢ ማለት ሲቻል ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምርጫ መጣ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም፣ በሰሜን ጦርነቱ እየነደደ ሳለ፣ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። ከአንድ በላይ ተወዳዳሪ የቀረበበት ቦታ ቢኖርም ሁሉም ያለፉት በአንድ ወንፊት፣ በኢሠፓ ወንፊት ነበር። የንጉሡ ዘመን ሰውን ያለ ፓርቲ ሰጠን፤ ደርግ ደግሞ ፓርቲን ያለ ምርጫ ሰጠን።

እነሆ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም የአሥራ ሰባቱ ዓመት ጦርነት አበቃ። ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ የሽግግር ዘመን ቻርተር ጸደቀ፤ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትም ተቋቋመ። እነዚህን ተወካዮች ያስቀመጣቸው የድርጅቶች ስምምነት እንጂ የሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም የወረዳና የክልል ምክር ቤቶች ምርጫ ተደረገ። ኦነግ አራት ቀን ሲቀረው ሰኔ 10 ቀን ከምርጫው ወጣ። ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱን የሚያጸድቀው ጉባኤ አባላት ተመረጡ። ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ግን አልተሳተፉም።

በዚያ ሽግግር ውስጥ የነበረውን መራጭ በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ልጁ ከግንባር አልተመለሰም፤ ወይም እግሩን አጥቶ ተመልሷል። ትናንት ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራው የሚሄደው እንዳይቀጣ ነበር፤ ዛሬ ምርጫ ሲጠራውም በዚያው ልማድ ይሄዳል። የተወዳዳሪውን ሐሳብ የሚያደርስለት ጋዜጣ ወደ መንደሩ አይደርስም፤ ቢደርስም አያነበውም። ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች ሲወጡም የቀረው ተወዳዳሪ ራሱን ማሳወቅ አያስፈልገውም፤ ሳይታወቅ ያልፋልና። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንድ መጥፎ ልማድ ተወለደ፤ ይኸውም ድምፅ መስጠትን ከመምረጥ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ሰላም ይናፍቃል፤ ሰልፉ በሰላም ካለቀ ምርጫው ያማረ ይመስለዋል። ማን ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከናካቴው አይመጣም።

የምርጫ ምልክትም የራሱ ታሪክ አለው። ምልክት የተፈጠረው ለደግ ነገር ነው፤ ፊደል ያልቆጠረው ወገናችን ከሌላው እኩል ድምፁን እንዲሰጥ። ውሎ አድሮ ግን መንገድ መሪ የነበረው ምልክት የሰውየውን ፊት ሸፈነው። በተከታታይ በመጡት ምርጫዎች «ንቧን» የማያውቅ አልነበረም፤ በ1997 ዓ.ም ሁለት ጣት ማውጣት የከተማው ሁሉ ሰላምታ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም አምፖሉና ሚዛኑ መጣ። ሳሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ሥዕሉን እንጂ ሰውየውን ሳናይ ብዙ ዓመት ሄድን።

እውነት ነው፤ መንገዱ ጥቂት የተከፈተበት ጊዜ ነበር። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም ምርጫ በፊት ተፎካካሪዎች በራዲዮና በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ሰው ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሁሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው እስራትና ደም መፋሰስ እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። በ2002 ከ547 መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ያገኙት አንድ ብቻ ነበር፤ በ2007 ደግሞ አንድም አልቀረላቸውም። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ በሚመስልበት ምርጫ ስለ ተወዳዳሪው ማን ይጠይቃል? ከ1997 የምንማረው ግን አንድ ነገር አለ። ሕዝቡ ለመስማት ጆሮ አልነፈገም። የሚናገር ሲመጣለት እስከ እኩለ ሌሊት ያዳምጥ ነበር።

በ2013 ደግሞ አገሪቱ እንደገና በጦርነት ውስጥ ሆና መረጠች። በትግራይ ጦርነቱ ከጀመረ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም ገና ስምንት ወር አልሞላም ነበር። 38ቱ የትግራይ መቀመጫዎች ባዶ ቀሩ። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦ፣ በብዙ ጣቢያ ድምፅ የመስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ውጤቱ ሲነገር ከ436 መቀመጫዎች 410 የገዥው ፓርቲ ሆኑ። በአዲስ አበባ መራጩ ለአገሪቱ ምክር ቤት አንድ ሰው፣ ለከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138ቱ የድርሻውን ይመርጣል፤ 138ን ለ23 የምርጫ ክልል ብናካፍል ለእያንዳንዱ ስድስት ይደርሳል። እንግዲህ በመካኒሳ፣ በላፍቶ፣ በጀሞ የሚኖር አንድ ሰው ሰባት ያህል እንደራሴዎች አሉት ማለት ነው። ከሰባቱ ስንቱን በስም ያውቃል? ስንቱን በመንገድ ቢያገኘው ይለየዋል?

አንዳንድ አንባቢ «ስሙን ባውቅ ምን ይጨምርልኛል? ኑሮ ተወዶብኛል፤ ታክሲ አጥቻለሁ» ይል ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ምን ያህል እንደሚነካን በግልጽ እንናገር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚጸናው በዚሁ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም ምክር ቤቱ ሕወሓትንና ሸኔን በአሸባሪነት ሰየመ። ጥቅምት 25 ቀን 2014 አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ፤ የካቲት 8 ቀን አነሣው። መጋቢት 13 ቀን 2015 የሕወሓትን ስም ከአሸባሪዎች መዝገብ ፋቀ። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ደግሞ ስለ አማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። ከእነዚህ ውሳኔዎች ትክክለኛውንና ስሕተቱን መለየት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ በማኅበራችን ውስጥም በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ የለንም። የምንለው ይህን ነው፤ በእያንዳንዱ ቀን በአዳራሹ ውስጥ እጆች ወጥተዋል። ከእነዚያ እጆች አንዱ በመካኒሳ ስም የወጣ ነው። እንደራሴ ማለት «እንደ ራሴ» ከሆነ፣ ያቺ እጅ የኔ እጅ ነበረች፤ የባለ ቡናዋም እናት እጅ ነበረች። የራሳችን እጅ መቼ እንደ ወጣች ሳናውቅ ቀረን!

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከምክር ቤት እንዲያወርደው መብት ይሰጠዋል። የማያውቁትን ሰው ግን ማን ያወርደዋል? እምነትስ የሚታጣው አስቀድሞ በተሰጠበት አይደለምን?

ጦርነት ይህን አለማወቅ ያባብሰዋል። የኢራቅ ሰዎች እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2005 ለሽግግር ጉባኤያቸው ሲመርጡ በድምፅ መስጫው ላይ ከመቶ በላይ የድርጅት ዝርዝሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ግን ግድያን ፈርተው ስማቸውን እስከ ምርጫው ዋዜማ ድረስ ሰወሩ። መራጩ ሕይወቱን አስይዞ ወጥቶ፣ ማንነቱን ላላወቀው ሰው ድምፁን ሰጠ። በላይቤሪያ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 ሕዝቡ የጦር አበጋዙን ቻርልስ ቴይለርን ጠንቅቆ እያወቀው፣ ካልተመረጠ ጦርነቱን እንደገና ይጀምራል ብሎ ፈርቶ በብዙ ድምፅ መረጠው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደሚባለው ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ተመለሰ። ከሁለቱ አገሮች የምንረዳው፣ ጦርነት ባለበት አገር መራጩ ሁለት ጠላት እንዳለው ነው፤ አንዱ አለማወቅ፣ ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሁለቱም የሚበረቱት ሰው በግልጽ መጠየቅ ሲያቆም ነው።

በኛም ሰፈር ጦርነቱ በሌላ መልክ ገብቷል። ቤቱ ተቃጥሎ ከሩቅ አገር መጥቶ በዘመዱ ቤት የተጠጋ አለ። ጎረቤቱን በስሙ ከመጥራት በፊት በዘሩ የሚገምት አለ። በዚህ ላይ ከተማው ራሱ ሰውን ከሰው ለየ። ቀደም ሲል የድሮ ሰፈራቸው የፈረሰባቸው በጀሞ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ከ2016 ወዲህም በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙዎች አዲስ ጎረቤት ሆነው በየዳርቻው ሰፈሩ። ዕድራቸው ተበተነ፤ ማኅበራቸው ተበተነ። ሰው ስለ ሰው የሚጠይቅበት ደጃፍ ጠፋ። ጎረቤቱን ያላወቀ ተወዳዳሪውን ከየት ያውቀዋል?

አንድ ተቃውሞ አስቀድመን እንመልስ። «በዛሬ ዘመን የሚመረጠው ፓርቲ ነው፤ ተወካዩ ፓርቲው ያዘዘውን ነው የሚያደርግ፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን ማወቅ ይበቃል» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ፕሮግራሙን ማወቅ እንደሚገባ እንስማማለን። ነገር ግን የኛ ሕግ ድምፅ የሚሰጠው በየምርጫ ክልሉ ለሰው እንጂ ለፓርቲ ዝርዝር እንዳይሆን አድርጎ ነው። ሕገ መንግሥቱም ተወካዩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ኅሊና ደግሞ የሰው እንጂ የአምፖል ወይም የሚዛን አይደለም። ፓርቲው ሲሳሳት «አይሆንም» የሚል ሰው በውስጡ መኖር አለመኖሩን የምናውቀው ሰውየውን ስናውቅ ነው። ፓርቲዎችም የላኩት ሰው እንደሚጠየቅ ካወቁ የሚልኩትን ይመርጣሉ፤ እንደማይጠየቅ ካወቁ ግን ማንንም ይልካሉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ወቀሳው ከኛ መጀመር አለበትና። በየካቲት 1957 ዓ.ም የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ምክር ቤቱ የሄዱት እንደራሴዎቹ ስለ ጭሰኛው ጉዳይ እየተከራከሩ ሳለ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ምን እየተባለ እንደሆነ አውቀው ነው የሄዱት። እኛ ዛሬ በእጃችን ስልክ አለ፤ የምክር ቤቱን ስብሰባ በተኛንበት ማየት እንችላለን፤ ግን አናይም። ስለ አውሮፓ ኳስ ተጫዋቾች ዕድሜና ዋጋ ለአንድ ሰዓት የሚያወራ ጓደኛችን የራሱን ምርጫ ክልል ቁጥር አያውቅም። በመኝታ ቤታችን ስለ መንግሥት የማንናገረው ነገር የለም፤ ከግቢው በር ሃምሳ እርምጃ ርቀን ለባለ ቡናዋ እናት የምንነግረው ግን አጣን። መማር ማለት ይህ ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ በከንቱ ወጥቷል!

ስለዚህ ማኅበራችን ምርጫ በመጣ ቁጥር ሊሠራው የሚገባውን ሥራ እንደሚከተለው እናቀርባለን። ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ይህችን ወረቀት የምናባዛበት ማባዣና የሁለት ሳምንት እግር ይበቃዋል።

አንደኛ፣ በአካባቢያችን ለሚወዳደር ለእያንዳንዱ ሰው፣ የገዥው ፓርቲም ይሁን የተቃዋሚ ወይም የግል፣ አንድ ዓይነት አምስት ጥያቄ ይላክለት። የት ትኖራለህ፣ እስከ ዛሬስ ምን ሠራህ? በጦርነቱ ጊዜ ምን አልህ፣ ምንስ አደረግህ? የጦርነት ወይም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢቀርብልህ እጅህን ከማውጣትህ በፊት ምን ትጠይቃለህ? ፓርቲህና የመረጠህ ሕዝብ ቢለያዩ ከማን ጋር ትቆማለህ? ከተመረጥህ በኋላ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦታ እናገኝሃለን?

ሁለተኛ፣ መልሱ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት፣ ለሁሉም እኩል ቦታ ተሰጥቶ በአንድ ገጽ ይባዛ። ላልመለሰ ሰው ስሙ ተጽፎ ቦታው ባዶ ይተው፤ ባዶውም ቦታ ራሱ መልስ ነው። ማኅበራችን ማንንም አያሞግስ፤ ማንንም አይንቀፍ። ለአንዱ ያደላን ቀን ሥራው ሁሉ ይበላሻል፤ ሰፈሩም በሩን ይዘጋብናል።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቅር። ማንበብ ለማይችለው ይነበብለት። የዕድር ስብሰባ በሚደረግበት ቀን ከዳኛው ፈቃድ ጠይቀን አሥር ደቂቃ እንለምን። በጀሞ ላሉት በየሕንፃው ኮሚቴ በኩል እንድረስ። በሰፈራችን መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳለ አንርሳ፤ ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ አድገው መራጮች ሆነዋል፤ በምልክት ቋንቋ የሚያስረዳ ጓደኛ ካለን እርሱ ይምጣ።

አራተኛ፣ ሥራው በምርጫው ቀን አያብቃ። የተመረጡት ሰዎች ስም በዚህች ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ይታተም፤ በምክር ቤት የተናገሩት ቃልና የሰጡት ድምፅ የሚታወቅ ሲሆን ከሥሩ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ከሌላ አገር መጥተን እዚህ የምንማር ሁላችን የየትውልድ ቦታችንን ተወዳዳሪዎች ለማወቅ እንጣር። የ2011 ዓ.ም የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ከቤታቸው ርቀው ላሉ ለተፈናቀሉ ሰዎች፣ ለወታደሮችና ለተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ጣቢያው ቢቋቋምልን፣ ከሩቅ ሆነን ለማናውቀው ሰው ድምፅ ከሰጠን ከማንም የባሰ ዕውር መራጭ እኛ ነን። ለእናትህ ደውለህ «እዚያ የሚወዳደረው ማን ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለህ ጠይቅ። እናትህ ታውቃለች፤ ባታውቅም ነገ ጠይቃ ትነግርሃለች። በዚያች አንዲት ጥያቄ ምክንያት አንድ መንደር መጠየቅ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጦርነት ይቀራል አንልም። ማንበብና መጠየቅ ጠመንጃን አያስቆምም ይሆናል። ነገር ግን በስማችን የሚወጣውን እጅ ስንከታተል ያ እጅ ከመውጣቱ በፊት ያመነታል። ለአንድ አፍታ ማመንታት ስንት ነፍስ እንደሚያድን፣ ልጁን ከግንባር የሚጠብቅ ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

በ1923 ዓ.ም «ሕዝቡ እስኪበቃ» ተባለ። ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ በአደባባይ አይናገርም፤ ተወዳዳሪውን ሳያሳውቅ ድምፅ የሚለምን ሁሉ ግን በልቡ ይህንኑ ያስባል። መልሳችን መሆን ያለበት በቅተናል ብሎ መጮህ አይደለም። ስሙን፣ ሥራውንና ቃሉን አውቀን መምረጥ ነው።

ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብለው ቡና የሚያፈሉት እናት ጥያቄያቸውን አልረሱትም። እኛም አልረሳነውም። አራታችን ዕዳ አለብን፤ ተመልሰን የምንቀመጠው መልሱን ይዘን ነው። እናንተስ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደራሴያችሁ ማን ነው?